ውሃው ከጣቢያ ሲወጣ ንጹህ ነበር፤ ቤታችን ሲደርስስ?

ሰሞኑን አንድ የውሃ አገልግሎት ኃላፊ ከየቤቱ ቧንቧ ናሙና እየተወሰደ የሚደረገው ምርመራ ለምን እንዲቀር እንደተወሰነ ሲያስረዱ ሰማሁ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከማጣሪያ ጣቢያው መውጫ ላይ የሚወሰደው ናሙና ይበቃል አሉ። ምክንያታቸው ደግሞ ውሃው ጥርት ያለ መሆኑን ማንም በዓይኑ ያየዋል የሚል ነው።

ይህ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው። አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ባንግላዴሽ ውስጥ ሚሊዮኖች ለዓመታት አርሴኒክ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተዋል። ያ ውሃ ኩልል ያለ ነበር። ከኩሬው ይሻላል ተብሎ ነው የተቆፈረላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም አይብለጥ ይላል፤ ይህን የሚለይ ዓይን የለም።

ከዚህ በላይ ያናደደኝ ግን ቧንቧን የረሱት መሆኑ ነው። ውሃው ከጣቢያ ወጣ ማለት ኬሚስትሪው አበቃ ማለት አይደለም። ጀርም እንዲገድል የተጨመረው ክሎሪን በየመንገዱ ያልቃል። ዝገቱ ይበላዋል፤ የቧንቧው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አተላ ይበላዋል። ውሃው ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲያድር ደግሞ የበለጠ ይመነምናል። ለዚህ ነው መመሪያው ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው የሚጠይቀው። ተጠቃሚው ዘንድ!

ይህን ስራ ለዓመታት ሰርቼበታለሁ። ቀሪ ክሎሪን እዚያው ቆመህ ነው የምትለካው፤ ላቦራቶሪ እስክትደርስ አይጠብቅህም። ብልቃጧን ትሞላለህ፣ አንዲት እንክብል ትጨምራለህ፣ ትነቀንቃለህ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ጠዋት ጣቢያው መውጫ ላይ ደማቅ ሮዝ አይቼ፣ ከሰዓት የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ስደርስ ምንም ቀለም ያጣሁበት ቀን ብዙ ነው። እንክብሉ ከመግባቱ በፊት ግን ሁለቱን ውሃዎች ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው አትለያቸውም።

እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ከጣቢያው አይመጣም፤ ከቧንቧውና ከመገጣጠሚያው ነው የሚሟሟው። ፍሊንትን አስታውሱ። ይህች የሚሺጋን ከተማ በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ስትቀይር፣ ቧንቧውን ከዝገት የሚከላከለው ፎስፌት አልተጨመረም። ውሃው የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን በላው፤ እርሳሱ ልጆች ሆድ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ክፍሎቼን እያዛገብኝ ነው ብሎ መጠቀሙን አቆመ። ነዋሪው ግን መጠጣቱን ቀጠለ። ለብረት የታሰበውን ያህል ለሕፃን አልታሰበም።

ፍሊንትም ናሙና ይወሰድ ነበር። ግን ነዋሪዎቹ ናሙናው ከሚቀዳበት ቀን በፊት ባለው ማታ ቧንቧውን ከፍተው ለደቂቃዎች እንዲያፈሱ ይነገራቸው ነበር። እንዲህ ሲደረግ እርሳሱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርም ያምራል። ትክክለኛው ናሙና ውሃው ቧንቧ ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ከተኛ በኋላ የሚቀዳው የመጀመሪያው ሊትር ነው። እናት ማለዳ ተነስታ ለልጇ የዱቄት ወተት የምትበጠብጥበት ውሃ ማለት ነው። ጣቢያው መውጫ ላይ መቶ ጊዜ ብትለካ ይህን ውሃ አታገኘውም።

ወጪው በዛ የሚሉም አሉ። ምርመራ ገንዘብ እንደሚፈልግ አልክድም። ግን በካናዳዋ ዎከርተን የሆነውን አንርሳ። ሰራተኞቹ ክሎሪኑን ሳይለኩ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሞሉ ነበር። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ የገባበት ውሃ 7 ሰው ገደለ፤ ከ2,000 በላይ ሰው አሳመመ። ሳይለኩ ቁጥር መጻፍና ቁጥሩ እንዳይመጣ መለካት ማቆም ለእኔ አንድ ናቸው። ሁለቱም ጋ የሚጠጣው ሰው የሚጠጣውን አያውቅም።

ውሳኔው ይነሳ። ምርመራው ወደ ቤቶች ይመለስ። ከመስመሩ መጨረሻ ካለው ቤት ይጀመር፤ ማለዳ፣ ማንም ቧንቧውን ሳይከፍት። ውጤቱም መጀመሪያ ለባለቤቱ ይነገር።