የ720 ሰዓት ብድር

ጅማ በቡና ብቻ መታወቋ ያናድደኛል። ቡና ጥላና ዝናብ ካገኘ መብቀሉ አይቀርም፤ እኛን ምን ያስመሰግነናል? ሊያስመሰግነን የሚገባው ሌላ ምርት አለን፤ የድጋፍ ደብዳቤ። የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ በተከፈተ ሰሞን የትኛውም የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። በሠርግ ወር ከሚታተመው የጥሪ ካርድ ይልቅ «ካስተማርኳቸው ሁሉ የላቀ» የሚለው ወረቀት ይበዛል። ናሙናው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ስም መቀየር ብቻ ነው። ስሙንም መቀየር የሚረሳ አለ፤ እሱ የሌላውን ሰው ምስጋና ይዞ ይሄዳል። ለጋስ አገር ነው።

የደብዳቤው አወላለድ ራሱ የሚደነቅ ነው። ተማሪው የመምህሩ ቢሮ ገብቶ እጁን አጣምሮ ይቆማል። «መምህር፣ ሪኮመንዴሽን እንዲጽፉልኝ ነበር።» መምህሩ ከፈተና ወረቀቱ ክምር ቀና ሳይሉ «ጽፈህ አምጣ፤ እፈርማለሁ» ይሉታል። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገር የተጠራው ይቀየመኛል፣ ያልተጠራው ደግሞ ለምን ተረሳሁ ይለኛል። ተማሪው ማታ ቁጭ ብሎ ስለ ራሱ በመምህሩ አፍ መጻፍ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ያፍራል፤ «ትጉህ ነው» ብሎ ያቆማል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ እጁ ይፈታል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ «በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያለ አእምሮ ገጥሞኝ አያውቅም» የሚለው ላይ ይደርሳል። የወለደችው እናቱ እንኳ እንዲህ ብላው አታውቅም።

በማግስቱ ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማህተም። ማህተም ያልነካው እውነት እኛ ዘንድ ወሬ ነው፤ ማህተም የነካው ወሬ ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

አንዳንዱ ቅጽ «ተማሪውን ከክፍሉ የት ያስቀምጡታል? ከላይ 1 በመቶ? 5 በመቶ? 10 በመቶ?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ መምህራን ከ1 በመቶ ወርደው አያውቁም። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል 1 በመቶው አንድ ሙሉ ሰው እንኳ አይወጣውም፤ ደግነት ሲጨመርበት ግን ዘጠኝ ሰው ይይዛል። የሒሳብ መምህሩም ራሳቸው ፈርመዋል።

አሁን አሁን ፈረንጆቹ ነቄ ሆነናል ብለው ደብዳቤው ከመምህሩ ኢሜይል በቀጥታ ካልመጣ አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። ይህም አልከበደንም። በመምህሩ ስም ጂሜይል ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉ ተማሪው ጋ ይቀመጣል። ከባሕር ማዶ «ክቡር ዶክተር፣ አመልካቹን ምን ያህል ያውቁታል?» ተብሎ ሲጻፍ፣ ክቡር ዶክተር ዶርም ውስጥ ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው ላይ ተጋድመው «በጣም በቅርበት» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ በማመልከቻው ውስጥ ካሉት ሁሉ እውነተኛው ሳይሆን አይቀርም።

መንግሥት ይህ ተሰጥኦ አልገባውም። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከተሰረዘ በኋላ ሲጨነቅ ኖሮ፣ የ2014 ተፈታኞችን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አስገብቶ፣ ስልክ ከልክሎ፣ በጥበቃ ፈተናቸው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ለማጥቆር ያ ሁሉ ጥበቃ ሲቆም፣ የሰውን ዕድል በሁለት አንቀጽ ለሚቆርጠው ደብዳቤ አንድ ዘበኛ አልተመደበም። ዘበኛውም ቢመደብ ለልጁ ማጻፉ አይቀርም።

ስለ ራስ የሚጻፈው ድርሰት ደግሞ የራሱ ማዕረግ አለው። አዌቱን ታውቋታላችሁ፤ ከተማውን አቋርጣ የምታልፍ፣ በበጋ የዶሮ ጉልበት የማታረጥብ ወንዝ ናት። ድርሰቱ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ትሞላለች፤ ደራሲውም ደብተሩን በጥርሱ ነክሶ ይዋኛታል። ፈረንጅ አራዳ በሚባለው የጅማ ሰፈር ያደገ፣ በአባቱ መኪና ትምህርት ቤት በር ላይ ሲራገፍ የኖረ ልጅ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ቡና ነጋዴው አባት በአንድ ሌሊት ቡና ለቃሚ ይሆናል። እኚህ አባት በከተማው ካላቸው ስም አንፃር ይህን ቢያነቡ ልጃቸውን ይክዱት ነበር፤ ደግነቱ ድርሰቱ በእንግሊዝኛ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በሚያወጣው ትምህርቱ ስሙ የተጠራ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ አልሸሞጥኩም። ተማሪዎች በቡድን ቀበሌ ወርደው መጸዳጃ ቤት ይቆጥራሉ፣ ስለ አጎበር ይጠይቃሉ፣ ሰዉ ከየት እንደሚቀዳ ይመዘግባሉ። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ፀሐይና ውሻም አለበት። ማመልከቻው ላይ ሲደርስ ግን ቡድኑ ይበተናል። መጸዳጃ የቆጠረው «የገጠር ጤና ንቅናቄ መሥራች» ይሆናል፤ ፎርም የያዘለትም እንዲሁ፤ ታሞ ዶርም የቀረውም እንዲሁ። አንዲት ቀበሌ በአንድ ዓመት ስምንት መሥራች አፍርታ ምንጯ እስካሁን አለመጎልበቱ ለኔ እንቆቅልሽ ነው።

በመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ሁሉም ይመለሳል። «ተምሬ ወገኔን ላገለግል» ይላል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። በዚያው ሌሊት ውጭ ላለችው አክስቱ «የጥገኝነት ጉዳይ አሁን እንዴት ነው?» ብሎ ድምፅ ይልካል።

ይህን ሁሉ ውበት ልታበላሽ የመጣች አንዲት ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አለች። ስሟን አልጠራም፤ የደረሰባት ይበቃታል። ጎበዝ ናት፤ ግሬዷ የራሷ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ለቺቭኒንግ፣ ልታመለክት ተነሣች። ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሰዓት ሲሰላ 2,800። ልጅቱ እንደማንኛውም ሰው «ሁለት ዓመት» ብላ በመሙላት ፈንታ ካልኩሌተር አወጣች። ጥፋቷ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓመት በኮንትራት ሠርታለች፤ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 52 ሳምንት፣ 2,080። ጎደለ 720።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተሰማና የሰፈሩ ሰው ለ720 ሰዓት መዋጮ ወጣ። እንዲህ ያለ ርብርብ ለለቅሶ እንኳ አላየሁም። አንዱ ወንድሙ ፎቶ ቤት አለው፤ 200 ሰዓት እችላለሁ አለ። አንዷ የሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ ናት፤ «ዕቁቡን 'የሴቶች የፋይናንስ ተቋም' ብለን 150 እንጻፍላት» አለች። ሁሉንም ያስከነዱት ግን አጎቷ ናቸው። ሂርማታ ገበያ የግንባታ ዕቃ ይሸጣሉ። ሱቃቸውን ራሳቸው መርምረው አስተባባሪ እንደጎደለው ደረሱበት፤ «የአየር ንብረት ለውጥ ፕሮጀክት አስተባባሪ» የሚል ደብዳቤም ይዘው መጡ። እንዴት ነው ነገሩ ብላቸው፣ «ቆርቆሮ አይደል የምሸጠው? ዝናቡን ምን ሊከለክለው ነው?» አሉኝ። አፌን ያዝኩ።

ልጅቱ ግን አልጨበጥ አለች።

«አባባ፣ እኔ እኮ እዚያ ሠርቼ አላውቅም።»

«የኔ ልጅ፣ ክረምት ላይ መጥተሽ ሚስማር አልቆጠርሽልኝም?»

«አንድ ከሰዓት።»

«እሱን ነው ዘርዘር አድርገን የጻፍነው። ወላሂ፣ ምን አለበት?»

«ቢጠይቁኝስ?»

«ለማን ይደውላሉ? ለኔ አይደል? እመሰክርልሻለሁ።»

እናቷ በበኩላቸው ልጄ ታመመችብኝ አሉ። ጓደኞቿ ፋራ አሏት። እሷም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ብትተርት፣ አንዷ ጓደኛዋ «ማመልከቻው የሚዘጋው እኮ ሳይነጋ ነው» አለቻት። መልስ የሌለው ነገር ነው። ሌላዋም የባሰውን አመጣች፤ «ሁሉም በሚጨምርበት አንቺ ብቻ ልክሽን ከጻፍሽ፣ አንባቢው ያንቺንም ቀንሶ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ያልጨመረ ሰው ነው የሚዋሸው።» ይህችን ልጅ አንድ የፍልስፍና ክፍል ቶሎ ቢወስዳት ጥሩ ነው፤ ድጋፍ ደብዳቤዋን እኔ እፈርማለሁ።

ልጅቱ ሌሊት ሌሊት ስትገላበጥ ከረመች አሉ። አይፈረድባትም፤ ከባድ ነው። አንድ በኩል ዓመት ሙሉ መጠበቅ፤ ዕድሜ አለ፣ የእናት ዓይን አለ፣ «ምነው ቀረሽ?» የሚለው ጎረቤት አለ። በሌላ በኩል አንድ ወረቀት፤ ያውም ተፈርሞ፣ ያውም በነፃ። እኔን የገረመኝ ማንም የማይገባበት ጉዳይ ውስጥ መግባቷ ነው። «የኔ 720 ሰዓት ከማን ላይ ነው የሚነሣው?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም።

የለጋስነታችን ትልቁ ውበት እኮ ይኸው ነው፤ ከኪሳችን አንድ ሳንቲም አይወጣም። መምህሩ ቀለም እንጂ ሌላ አይጎድልባቸውም። አጎትየው ሱቅ እንደነበረው ነው። ከፋዩን ማናችንም አናየውም። አጋሮ ከተማ ያለች ልትሆን ትችላለች፣ ሊሙ ገነት ያለች ልትሆን ትችላለች፤ 2,800ዋን ሰዓት አንድ በአንድ የሠራች፣ መምህሯን «ራስዎ ይጻፉልኝ» ብላ ያስቸገረች፣ እሳቸውም ደክሟቸው «ትጉህ ናት፤ አንዳንዴ ታረፍዳለች» ብለው እውነቱን የጻፉላት ልጅ። እሷ «ካስተማርኳቸው ሁሉ የላቀ» ከተባለው፣ ወንዝ ከዋኘው፣ ንቅናቄ ከመሠረተው ጋር ተሰልፋ ትነበባለች። ስትወድቅ ምክንያቱን የሚነግራት የለም። ላላየነው ሰው ማዘን ደግሞ ባህላችን አይደለም።

በመጨረሻ ልጅቱ ዘንድሮ አላመለከተችም። ኮንትራቷን አሳድሳ ሥራዋን ቀጥላለች፤ ሰዓቱን ልትሞላው ነው አሉ፣ በመሥራት። ሰፈሩ ተቀይሟል። አጎቷ ለሁለት ሳምንት ያህል ቤታቸው አልመጡም፤ እጃችንን ዘርግተን እምቢ አለችን ብለው። እናቷ ቡና ባፈሉ ቁጥር ነገሩ ይነሣል፤ «ተምራ ተምራ» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ራስ መነቅነቅ ነው።

ደብዳቤው ግን አልባከነም። ማህተም የተመታበት ወረቀት እንዴት ይጣላል? የጎረቤት ልጅ ወስዶታል። ስሙን አስተካክሎ፣ ጾታውን አስተካክሎ፣ ከላይ የራሱን ፎቶ ለጥፎ አስገብቷል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ብቻ «እሷ» የምትል ቃል አምልጣው ቀርታለች። አጎትየው ተጨንቀው ጠየቁኝ፤ ከእንግሊዝ ቢደወልልኝ ወንድ ነው ልበል ወይስ ሴት?