አስታማሚውም ይታሰብ

በፊንላንድ ስለሚገኘው የፓይሚዮ ሳናቶሪየም (የሳንባ ነቀርሳ ማከሚያ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ እጃችሁ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጽሑፉ የሕንፃውን መልክ አብዝቶ አድንቋል፤ እኔን የገረመኝ ለበሽተኛው የታሰበው ሐሳብ ነው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጠናቀቀውን ያንን የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሲነድፍ የተነሣው በጀርባው ከተኛው ሰው ነው። ጣሪያው ዓይን እንዳይወጋ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ተቀባ፤ የእጅ መታጠቢያው እንኳ ውኃ ሲወርድበት አጠገብ የተኛውን እንዳይረብሽ ዘቅዘቅ ተደርጎ ተሠራ። ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት ባልተገኘበት ዘመን ፀሐይና ንጹሕ አየር ሕክምና ነበሩና ለበሽተኞቹ ፀሐይ የሚሞቁበት ሰገነት ተበጀላቸው።

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። የታኅሣሥን ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ባናቸውን ተከናንበው፣ የስንቅ ቋጠሯቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥላው ሲደርስባቸው ተነሥተው ፈቀቅ ይላሉ። እኛ ዘንድ ሆስፒታል የሚመጣው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ ዘመድም ጎረቤትም አብሮ ይመጣል። ፓይሚዮ ከከተማ ርቆ ጥድ ጫካ ውስጥ ነው የተሠራው፤ የእኛዎቹ ግን ፋርማሲው፣ ሻይ ቤቱና ባጃጁ ከበዋቸው ነው የሚኖሩት።

ዲዛይን የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ አደራችሁን፣ ከመስታወት ግድግዳው ውበት በፊት ከነፋስ የተከለለ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ፣ ምግብ ማሞቂያና የአስታማሚ ማደሪያ አስቡ።