ያልተወለደን ሰው እንዴት እንርገመው?

አዳማ ነፋስ አላጣችም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ አቅማቸው ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት ነው። ማታ በድራማ ሰዓት ከየሳሎኑ የሚወጣው የእርግማን ነፋስ ግን ተርባይን የሚተክልለት አጥቶ ባክኖ ይቀራል።

በድራማ ሰው ላይ ክፉ መመኘት ኃጢአት ነው የሚሉ ጥቂት ደረቆች አሉ። ሕግ አያውቁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በአንቀጽ 1 ለሰው መብት የሚሰጠው ከተወለደ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ነው። የድራማው ቀጣፊ አማች ደግሞ ተጻፈ እንጂ አልተወለደም። ድፍት በል ቢሉት አይከስ፣ ቂም አይዝ፣ ካሳ አይጠይቅ። ጠላት ካሉ አይቀር እንዲህ ያለውን ነው!

ሥራው ታዲያ ሙያ ይጠይቃል። አዋቂዎቹ ከቡናው ጋር ያስኬዱታል። በአቦል የሚጣለው ለስላሳው ነው፤ «ምነው ልብ ቢሰጠው»። አቦል ላይ በከባዱ የሚጀምር ሰው ጀማሪ ነው፤ በረካ ሲደርስ ቃል ያልቅበትና «ኤጭ!» ብቻ ሲል ያመሻል። በቶና «ድፍት ይበል» ይገባል። በረካ ላይ እንግዲህ የቀረው ሁሉ ይወጣል፤ «ዘር አይውጣለት»፣ «መሬት አፏን ከፍታ ትዋጠው»። ሕፃናት ካሉ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ሙያ ካልተወረሰ ይጠፋላ።

የውጭው ድራማ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ከመጣ ወዲህ አንዱ ክፉ ሰው ሁለት ሆኗል፤ ፊቱ ኢስታንቡል፣ ምላሱ አዲስ አበባ። «ምላሱን ይቁረጠው» ሲባል የሚቆረጠው የማን ነው? ጠንቃቃ ተራጋሚ ፊትን እንጂ ምላስን አይነካም። ሰዓቱም አይገጥምም። ቱርክ አገር አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። እዚያ በአንድ ምሽት የተገላገለ ሰውዬ እዚህ ሁለት ሦስት ቀን ሲያጣጥር ይሰነብታል። ስለዚህ እርግማኔ አልያዘም ብሎ ከመድገም በፊት ጥቂት ምሽት መታገሥ ነው። ለነገሩ «ዛሬ ይሙት» የሚባለው ተዋናይ ቀረጻውን ጨርሶ፣ ሞቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ዓመታት አልፈውታል።

የአገር ውስጡ ይቀላል። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናትና ተዋናዩ አንድ ቀን ብቅ ማለቱ አይቀርም። ማታ «እጁ ይሰበር» ሲሉት ያመሹት ጠዋት ፍራንኮ አካባቢ ሲያገኙት ያንኑ እጅ ትከሻቸው ላይ አስደርገው ፎቶ ይነሣሉ።

ስለት ላይ ግን ረጋ ማለት ይሻላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ የቁልቢ መንገደኛ በአዳማ በኩል ያልፋል፤ «ይቺን ሴት ብትነቅልልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ማለት ቀላል ነው። ሴትዮዋ ስትሞት ግን ድራማውም አብሯት ይሞታል። የሚጠላ የሌለበት ሳሎን ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ የጃንጥላው ዕዳ ደግሞ አለ። ከዚህ የሚብሰው ደራሲው ወደኋላ መልሶ ልጅነቷን ሲያሳይ ነው። እንጀራ እናቷ ስትገርፋት የታየች እንደሆነ ስንት ምሽት የተደከመበት እርግማን «ከአፌ ይመለስ» ተብሎ ይሰረዛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው እርግማን የሚወርደው ግን የድራማዋ እመቤት የቤት ሠራተኛዋን በጥፊ ስትመታ ነው። አቦል፣ ቶና የሚባል ተራ አይጠበቅም። ሶፋው በሙሉ ይነሣል። «እጇ ይድረቅ! የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ? እናት የላትም?» እንባ የሚያብስ አለ፣ ደረት የሚመታ አለ። ከረከቦቱ ኋላ በርጩማ ላይ ያለችው ልጅም ማራገቢያዋን ይዛ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«አንቺ! ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ? ከሰሉ ሊጠፋ አይደል እንዴ!»