እርግብግቢቱ ሳይዘጋ

አራስ ልጅ አናት ላይ ቅቤ የምናደርግበት ለስላሳ ቦታ፣ እርግብግቢቱ፣ ጣት ሲያርፍበት ትር ትር ይላል። እናቶች የሚሳሱለት ይህ ቦታ ለሐኪም መስኮት ነው። የአልትራሳውንድ ሞገድ አጥንት አልፎ መሄድ ይቸግረዋል፤ እዚህ ግን አጥንት የለም። ፕሮቡን፣ ማለትም ሞገዱን የሚልከውን የመሣሪያውን እጀታ፣ ጄል ቀብቶ ማሳረፍ ነው፤ ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ያለበት ቦታ ምን ያህል እንደሰፋ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም።

ዋልተር ዳንዲ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 ይህንኑ ለማየት በእርግብግቢቱ መርፌ አስገብቶ፣ ፈሳሹን በአየር ተክቶ፣ ራጅ ያነሣ ነበር። ዛሬ መርፌውም ቀርቷል።

ታዲያ ፈሳሽ ተጠራቅሞበት ጭንቅላቱ ያለ ልክ የሚያድግ ሕፃን የሪፈር ወረቀት ተይዞለት ለሲቲ ስካን አዲስ አበባ ድረስ የሚሳፈረው ለምንድን ነው? የአልጋ ኪራዩ፣ ወረፋው... ፈሳሹ ወረፋ አያውቅም። እስከዚያ ጠበል የሚሞክር አለ፤ አልፈርድበትም፤ ስም ያልወጣለት ሕመም ይዞ መቀመጥ ያስጨንቃል።

ብዙ ሰው ሲቲ ስካን ይገዛልን ይላል። እኔ ግን ለነፍሰ ጡሯ የተገዛው አልትራሳውንድ አስቀድሞ ለልጇም ይዋል ባይ ነኝ። በተለይ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ለተወለደ፣ ስፓይና ቢፊዳ ለምንለው ልጅ፤ ጀርባው ተሰፍቶለት ከሄደ በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ብዙ ነው።

እርግጥ ለሆድ የተሠራው ሰፊ ፕሮብ አራስ አናት ላይ አይመችም፤ ትንሹ ያስፈልጋል። የአንጎል እጥፋቶች አሠራር ላይ ያለ ጉድለትም በአልትራሳውንድ ሊያመልጥ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ስክሪኑ በሙሉ ጥቁር ፈሳሽ ሲሆን ነው፦ ፈሳሹ ገፍቶ ያሳሳው አንጎል ዳር ዳሩን ተርፏል ወይስ ከመጀመሪያውም የለም? የተረፈ ካለ ቀዶ ሕክምና ሊያተርፈው ይችላል፤ ከሌለ ለቤተሰቡ የሚነገረው ሌላ ነው። እዚህ ላይ ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል፣ አዲስ አበባ መምጣቱም ትርጉም ይኖረዋል።

እስከዚያው በየማዋለጃ ክፍሉ ሜትር አለ። ሲወለድ 35 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ጭንቅላት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። በክትባት ቀን ከዚያ አልፎ የተገኘውን ልጅ ሪፈር ከመጻፍ በፊት ኮሪደሩን ተሻግሮ አልትራሳውንድ ክፍል ማስገባት ይቻላል።