አሥር ወንበር የከበደው እድር

ባለፈው እሁድ የሰፈራችን እድር ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ስምንት ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከ12 እስከ 1 ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ እየተሰበሰቡ እንዲያወሩ ይፈቀድላቸው ነው የተባለው። የፈለጉት ባዶ አዳራሽና አሥር ወንበር ነው። ሻዩን ራሳቸው ያፈላሉ። ሰብሳቢያችን ማይኩን ጠጋ አድርገው «ሰካራም ከሰካራም ምን ይማራል?» አሉ። ሰው ሳቀ። እጅ ወጣ። አለቀ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። አፌን ዘግቼ መውጣቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለጥያቄያቸው መልስ አለ፤ 90 ዓመት ያለፈው መልስ። እንደ ፈረንጆቹ በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ አክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ አክረን፣ ኦሃዮ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው። ሥራው ከሸፈበት። የሆቴሉ ባር ይጠራዋል። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደወለ፤ የሚያወራው ሌላ ጠጪ ፈልጎ። ያገናኙት ከቦብ ስሚዝ ጋር ነው። ቦብ ማን ነው? ቀዶ ሐኪም! ስለ ጉበት ንግግር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። 15 ደቂቃ ብቻ ብሎ የተቀመጠው ዶክተር ከ6 ሰዓት በላይ ቆየ። ዊልሰን አልመከረውም፤ የራሱን ጉድ ዘረገፈለት እንጂ። ኤ ኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች) የሚባለው ማኅበር የተጀመረው ከዚያ ጨዋታ ነው። በ2020 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክራን ድርጅት ግምገማ ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች አገላብጦ ነበር። ሰውን ወደ እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ጨርሶ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻሉ ሆነው አገኛቸው። ሰካራም ከሰካራም የሚማረው ይኼንን ነው፣ ጋሼ።

ግን ኦሃዮ ድረስ ምን ወሰደኝ? እድር ራሱ ምንድነው? ሰው ሲሞትብን ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን አብረን የምንቀመጠው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሆንን ነው? ባሏን የቀበረች ሴት አጠገቧ የምትፈልገው ባሏን የቀበረችውን ጎረቤቷን ነው። «ሐዘንተኛ ከሐዘንተኛ ምን ይማራል?» ብሎ ድንኳን የነቀለ ሰብሳቢ እስከ ዛሬ አላየሁም። ያው አዳራሽ ቅዳሜ ለሰርግ ይከራያል፤ የቢራ ሳጥን በር ላይ እንደ ግንብ ሲደረደር ማንም «ይሄ ነገር ይደብራል» አይልም። ከእነዚህ ስምንት ሰዎች አንዱ ነገ ጉበቱ አልቆ ቢሞት ግን ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁለት መቶ ወንበር በአንድ ሌሊት ይወጣል፤ ቀሪ ይቀጣል። በቁሙ አሥር ወንበር የተከለከለ ሰው ሲሞት ሁለት መቶ ይፈቀድለታል። ይኼ መረዳዳት ከሆነ ለማን ነው?

አንድ የኮሚቴ አባል «አስታራቂ» ሐሳብ አመጡ። የተሰብሳቢዎቹ ስም ዝርዝርና የመታወቂያ ኮፒ ይቅረብና ይታያል አሉ። ጉድ እኮ ነው! የዚህ ስብሰባ መግቢያው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማቆም መፈለግ። ስም ከወጣ ማን ይመጣል?

ታናሽ ወንድሜ ይመጣል ወይ ብዬ ልጠይቅ። ስብሰባውን ያገኘው በሰው በሰው ነው፤ በር ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን በሩ ድረስ ሄዶ ሁለቴ አለፈው። ከዚያ ማዶ ካለው ግሮሰሪ ገባ። ግሮሰሪውን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። በሦስተኛው ሳምንት እኔን ይዞኝ ሄደ፤ ቤተሰብ የሚገባበት ቀን ነበር። የላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ። ሻይ የሚቀዳው ሰውዬ የሁሉንም ብርጭቆ ሞላ፤ የወንድሜን ግን ግማሽ ላይ ተወው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እንዳይፈስበት ነው። ማንም ምንም አላለም። እኔ በስድስት ዓመት ምክር ያላየሁትን ሰውዬው በአንድ ብርጭቆ አየው።

«ባለሙያ ይሻላል» ለሚሉ አንድ ነገር ልስጥ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ፣ ብቻውን ላቁም ቢል ሊያንፈራፍረው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። እሱ መጀመሪያ ሆስፒታል ይሂድ። ግን ሆስፒታል ያስወጣል። የወጣ ሰው ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ያ ጥማት ሲመጣ፣ የት ይሂድ?

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ሽያጩም ከ21 ዓመት በታች ላሉት ሲከለከል ያጨበጨብነው እኛው ነን። ማስታወቂያ ማጥፋት ቀላል ነው። ክፍል መክፈት ነው የከበደን።

የግድ ስም ከተፈለገ የእኔን ጻፉ። መዋጮዬን አንድም ወር አላጓደልኩም፤ ከድርሻዬ አሥር ወንበር አይጠፋም። እነሱ ለጊዜው አንዱ አባል ጋራዥ ውስጥ እየተሰበሰቡ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሁለት አዲስ ሰው መጥቶ አንዱ ጎማ ላይ ተቀመጠ።