ራዳር በጅራፍ አልተሠራም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ ስለ ሩሲያው የራዳርና የሚሳኤል ድርጅት፣ ስለ አልማዝ፣ ሲያወሩ ሰማሁ። የስታሊን የምሥጢር ፖሊስ አለቃ የነበረው የቤሪያ የብረት ክንድ ባይኖር ኖሮ ይህ ተቋም አይፈጠርም ነበር አሉ። ለእኛም የሚበጀን ይኸው ነው ብለው ጨመሩበት። ሻዩ ትን አለኝ። (አልማዝ በእነሱም ቋንቋ ያው አልማዝ ነው፤ ስሙ ላይ ቅሬታ የለኝም።)

ድርጅቱ በ1947 ሞስኮ ላይ ሲቋቋም ስሙ ኤስቢ-1 ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ፊት የተሰለፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አንጋፋው የሬዲዮ ሊቅ ፓቬል ኩክሴንኮ ነው። ሌላው መመረቂያ ጽሑፉ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የ22 ዓመት ወጣት፣ ሰርጎ ቤሪያ። አዎ፣ የዚያው የቤሪያ ልጅ! እንግዳው ይህን «ዲሲፕሊን» ይሉታል። በእኛ ሰፈር ስሙ የዘመድ ሥራ ነው።

የስታሊን መንግሥት የብረት ክንድ ለራዳር ምን እንደዋለለት ልንገራችሁ። ፓቬል ኦሽቼፕኮቭ አውሮፕላንን በሬዲዮ ሞገድ ማግኘት ይቻላል ብሎ አለቆቹን ሲወተውት የኖረ መሐንዲስ ነው። በ1934 ሌኒንግራድ ላይ ሙከራው ተሳካ። በ1937 ታሰረ። የሬዲዮ መሐንዲሱ አክሰል በርግም በዚያው ዓመት ታሰረ፤ የተፈታው በ1940 ነው። በ1943፣ ጦርነቱ ሲፋፋም፣ የራዳር ምክር ቤቱን ሥራ እንዲመራ የተለመነው ይኸው የትናንት እስረኛ ነው። በኋላ የራዳር ተቋም በስሙ የተሰየመለት አሌክሳንደር ሚንትስም በ1938 ታስሯል። ሦስት ሰው ቆጠርኩ። ራዳር የሚያውቁትን እየለቀመ ያሰረ መንግሥት ራዳርን ወለደ ማለት፣ እርሻውን ያቃጠለን ሰው ስለ አዝመራው ማመስገን ነው።

ቤሪያ ሰውና ገንዘብ በፍጥነት ሰብስቧል፤ ይሁን። ግን ያ የገንዘብ ጉልበት ነው፣ የጅራፍ አይደለም።

ደግሞ ፍሬው መቼ ታየ? ቤሪያ በሰኔ 1953 ተያዘ፣ በዚያው ዓመት ተገደለ። ልጁም ኩክሴንኮም ከቦታቸው ተነሡ። የዲዛይኑ ኃላፊነት ወደ አሌክሳንደር ራስፕሌቲን ዞረ። ሰውየው የማንም ልጅ አልነበረም፣ ሥራውን የሚያውቅ መሐንዲስ ነበር። ሞስኮን የከበበው ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል ኤስ-25 ሥራ ላይ የዋለው በ1955 ነው። ኤስ-75 በ1957 ተከተለ። ግንቦት 1 ቀን 1960 የአሜሪካውን ሰላይ አውሮፕላን ዩ-2ን ከስቨርድሎቭስክ ሰማይ ያወረደው እሱ ነው። ቤሪያ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ጅራፉ ከመቃብር ነው እንዴ የሚሠራው?

በዚያው ቀን የራሳቸውን ተዋጊ አውሮፕላን ሚግ-19 ጭምር መትተው አብራሪውን ገድለዋል። ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ቆየ። ከቤሪያ ዘመን የተወረሰ ነገር ካለ ይኸው ነው። እንግዳው ይህንንም ዲሲፕሊን ይሉት ይሆናል።