ሌባውን አትንገሩን!

ኧረ ባካችሁ ሰው መጽሐፉን በሰላም ይጨርስበት! የመጽሐፍ መጨረሻ ቀድሞ የሚናገረው ያ ሰውዬ ዛሬም አመሉን አልተወም። ልጅቷ የዊልኪ ኮሊንስን «ዘ ሙንስቶን»፣ የተሰረቀ አልማዝ የሚፈለግበትን ልብ ወለድ፣ ገና መጀመሯ ነው።

«የት ደረስሽ?»

«መርማሪው ሰርጀንት ካፍ ከለንደን መጣ።»

«አሃ! ታዲያ ሌባውን አላወቅሽውማ!»

«በናትህ እንዳትነግረኝ!»

ነገራት። በሰው ፊት። ፊቷ ሲቀያየር ጭራሽ «በ1868 የወጣ መጽሐፍ እኮ ነው፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» ብሎ አሳቀባት።

የት ትሁን? ለሷ መጽሐፉ የወጣው ዛሬ ነው! ያኔ በዲከንስ ሳምንታዊ መጽሔት በ32 ክፍል ሲወጣ አንባቢው ቀጣዩን ለማግኘት ሳምንት ይጠብቅ ነበር። ያ ሁሉ ጉጉት በአንድ ስም ተገደለ።

ደግሞ የነጠቃት ስም ብቻ አይደለም። አልማዙ የጠፋበት ክፍል በር ላይ የተበላሸውን ቀለም እዩ። ቀለሙ ተቀብቶ ያለቀው ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ለመድረቅ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ሐሙስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደርቋል ማለት ነው። የአካባቢው ፖሊስ ሲግሬቭ ግን ቀለሙን ያበላሸው ሐሙስ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ የተሰበሰቡት የሴት ሠራተኞች ቀሚስ ነው ብሎ አለፈው። የስምንት ሰዓት ደረቅ ቀለም በቀሚስ ይበላሻል? ካፍ ያቺን ስሌት ሲሠራ ቤቱ ውስጥ ቀለም የነካው ልብስ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይወለዳል። (በእውኑ ዓለም በ1860 እንግሊዝ ውስጥ በተፈጸመው የሮድ ሂል ሃውስ ግድያ ላይም መርማሪው ዊቸር የጠፋ የሌሊት ልብስ ነበር የሚያሳድደው።) ሌባውን አስቀድሞ የተነገረው ሰው እዚህ ጋ ምን ያስላ?

የመቅድም ጸሐፊዎችስ! ፕሮፌሰሩ ገና በመግቢያው ማን እንደወሰደው፣ እንዴት እንደወሰደው ይዘረግፈዋል። ምን ነበረበት መጨረሻ ላይ ቢያደርገው? እባካችሁ መግቢያውን ዝለሉት። የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ካለውም አትዩት፤ ስማቸውንም ጎግል ላይ አትፈልጉ፣ የመጀመሪያው መስመር ጉድ ያደርጋችኋል። ይልቅ ወረቀት ይዛችሁ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ነበርኩ እንዳለ ጻፉ። ተራኪዎቹ ይፈራረቃሉ፤ እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው የሚመሰክረው።

እሱም አልበቃ ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ አለላችሁ። ከተራኪዎቹ አንዷን፣ ሚስ ክላክን፣ ቆርጦ ጥሏታል! አዎ፣ በየሄደችበት የሃይማኖት በራሪ ጽሑፍ እያደለች ሰውን ታሰለቻለች። ግን ምስክር ናት፤ ያየችውና የሰማችው ሁሉ የምርመራው አካል ነው። ከፍርድ ቤት መዝገብ የአንዱን ምስክር ቃል ቀዶ መጣል ምን ይባላል? ሽፋኑ ላይ ደግሞ «ሙሉው መጽሐፍ» ብለው ጽፈውበታል!